«ይህ ለሀገር ደስ ያሰኝ»፦ ከሰብሳቢዎች ጠረጴዛ ላይ የተነበበ የሳንቲም ታሪካችን



የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በምኖርበት ከተማ ያሉ የጥንታዊ ሳንቲም ሰብሳቢዎች በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የመገናኘት ልማድ አላቸው። ሥርዓታቸው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው በዓመቱ ውስጥ ካገኛቸው ሳንቲሞች መካከል አብልጦ የወደደውን አንዱን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ ያኖረዋል፤ ከዚያም እንዴት እንዳገኘውና ስለምን እንደወደደው ለተሰበሰቡት ይተርካል። ዋጋ መጥራት እንደ ነውር ይቆጠራል። ታሪኩን አለማወቅ ግን ከዚያ የከፋ ነውር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሳንቲም ሰብሳቢ አይደለም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ወደዚያ አዳራሽ የሄድሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የአገርህ ነገር አይጠፋም፤ መጥተህ እይ» እያለ ስለወተወተኝ ነበር። እንዳለውም አልጠፋም። በጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ሠላሳ ያህል ሳንቲሞች መካከል ሦስቱ ከእኛ አገር የወጡ ነበሩ። አንደኛው ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የአክሱም ነሐስ፣ ሁለተኛው ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት ጠገራ ብር፣ ሦስተኛው ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ብር።

እነዚህ ሦስት ሳንቲሞች አንድ ጥያቄ አስነሱብኝ። ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው ማን ነው? መልኩን ቀርጾ የሚያትመው ገዢ ነውን? ወይስ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ሕዝብ? ጥያቄው ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። ስለሆነም ሳንቲሞቹ በተቀመጡበት ተራ የየራሳቸውን ምስክርነት እንስማ።

ስም የለሹ ንጉሥ

የነሐሷ ሳንቲም ባለቤት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ተራቸው ሲደርስ ሳንቲሟን በማጉያ መነጽር ሥር አድርገው በመስቀሉ ዙሪያ የተቀረጸውን ግሪክኛ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ቱቶ አረሴ ቴ ኮራ»። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህ ለሀገር ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። በሌላው ገጽ የንጉሡ መልክ አለ፤ ስሙ ግን የለም። የተጻፈው «ባሲሌውስ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ንጉሥ ማለት ነው። ሰውየው ሳንቲሟን ወደ ጨርቁ እየመለሱ፣ «ብዙ ዘመን የሮማን ሳንቲም ሰብስቤአለሁ። በዚያ ሁሉ ላይ ቄሣሮች ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ሲደረድሩ ነው ያየሁት። ስሙን ትቶ የሀገሩን ደስታ የሚለምን ንጉሥ ያገኘሁት በዚህ ዓመት ነው» አሉ።

አክሱም በራሷ ስም ገንዘብ ማተም የጀመረችው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የወርቅ ገንዘብ በራሳቸው ስም የሚያትሙ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የፋርሱ የሃይማኖት መሪ ማኒ በዚያው ክፍለ ዘመን ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አክሱም መሆኗን መመስከሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ አሳትመዋል። ወርቁ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ለሚደረገው ትልቅ ንግድ ነበርና ጽሑፉ በአመዛኙ በግሪክኛ ነው፤ የዘመኑ የነጋዴ ቋንቋ እርሱ ነበርና። ይሁን እንጂ ወዘባ የተባለው ንጉሥ በወርቅ ሳንቲሙ ላይ ሳይቀር በግዕዝ ጻፈ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ብሩና ነሐሱ፣ ማለትም ተራው ሰው በእጁ የሚይዘው ገንዘብ፣ እየበዛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። በነዚህ ሳንቲሞች ላይ ያለው ፊደል አናባቢ ያልተጨመረበት የጥንቱ አጻጻፍ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ፊደል የቆጠረ ልጅ ብዙዎቹን ቅርጾች ይለያቸዋል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የአክሱምን ሳንቲም ከሌላው ዓለም ሳንቲም ይለዩታል። አንደኛው፣ በወርቁ ላይ የንጉሡ መልክ ከግራና ከቀኝ በእህል ዛላ መታቀፉ ነው። ጦርና ጋሻ መክበብ ሲችሉ የገበሬው አዝመራ ከበበው። ሁለተኛው የጥበብ ነገር ነው። የአክሱም ሠራተኞች በብርና በነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በሺህ ለሚቆጠሩ ትናንሽ ሳንቲሞች እያንዳንዱን በእጅ ወርቅ መቀባት ምን ያህል ድካም እንደሆነ አስቡት። ትርፉ ምንድን ነው? ድሀው በእጁ በሚይዘው ነሐስ ላይም ጥቂት ብልጭታ እንዲኖር ከማድረግ በቀር ሌላ ምክንያት ለማግኘት ይከብዳል።

ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ አናት ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ምልክት ወርደው በምትካቸው መስቀል ወጣ። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ በግልጽ ካተሙ ቀደምት ነገሥታት አንዱ እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው መሐድይስ «በዝ መስቀል ይመውእ» ሲል ጻፈ፤ በዚህ መስቀል ድል ያደርጋል ማለት ነው። የአክሱም ነገሥታት ዜና በሳንቲም የሚነገረው እንዲህ ባለ አጭር ቃል ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሌላ ነገር አለ። እንዱቢስ፣ አፊላስ፣ ወዘባ የሚባሉትን ነገሥታት የምናውቃቸው ከሳንቲሞቻቸው ብቻ ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው የነገሥታት ዝርዝር አያውቃቸውም። ሐውልት ላይ ስማቸው አልተገኘም። እነዚያ ትናንሽ ብረቶች ባይተርፉ ኖሮ ነገሥታቱ እንዳልነበሩ ይቆጠሩ ነበር።

ወርቁ ሲሳሳ

ሳንቲም የገዢን ክብር ብቻ አይመሰክርም። ገዢው ሊደብቀው የሚሻውንም ይመሰክራል። የቀደሙት የአክሱም ነገሥታት ወርቅ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ንጹሕ ነበር። ክብደቱም በመጀመሪያ 2.7 ግራም ያህል ነበር፤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም የወርቅ ሚዛኗን ስትቀይር የአክሱሙም ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። ይህ ከዓለም ገበያ ጋር ለመስማማት የተደረገ ነውና አያስነቅፍም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ክብደቱ ሳይቀየር ወርቁ እየሳሳ፣ ብር እየተቀላቀለበት ሄደ። በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ዘመን የወርቁ መልክ ገረጣ።

ይህ በየትኛው ዜና መዋዕል ተጽፏል? በየትኛውም አልተጻፈም። ንጉሥ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ በሐመር ላይ ያገኘው ድል ተጽፏል፤ ተዘምሯልም። በሳንቲሙ ላይም «የታዜና ልጅ» ብሎ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የንግዱ መንገድ መጥበቡንና የመንግሥቱ ጎተራ መጉደሉን የሚነግረን ግን ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚመረመረው የሳንቲም ወርቅ ነው። ጸሐፊ ለንጉሥ ሊዋሽ ይችላል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም።

ያም ሆኖ ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነው ንጉሥ አርማሕ፣ በዙፋኑ ተቀምጦ ረጅም መስቀል እንደያዘ በተቀረጸበት ነሐስ ጀርባ፣ «ፍሥሐ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል ቃል አኖረ። ለሕዝቦች ደስታ ይሁን ማለት ነው። ስም የለሹ ንጉሥ በግሪክኛ «ይህ ለሀገር ደስ ያሰኝ» ያለውን፣ አርማሕ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ ደገመው። ከእርሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የአክሱም ሳንቲም ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ከ1200 ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ነገሥታት በስማቸው ሳንቲም አላሳተሙም። ሕዝቡ በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅ፣ በብረት ይገበያይ ነበር። በምሥራቅ በኩል የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባለውን ትንሽ ሳንቲም ያትሙ ስለነበር የማተሙ ጥበብ ከምድራችን ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን በአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ንጉሥ አላተመውም፤ አዋጅም አላወጀለትም። ሕዝብ ስለተስማማበት ብቻ ገንዘብ ሆነ።

ሟቿ ንግሥትና አንጥረኛው

ወደ ሁለተኛው ሳንቲም እንለፍ። ባለቤቷ አንዲት አዛውንት ሴት ናቸው። ያመጡት አንባቢ ሁሉ የሚያውቀውን፣ አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የሚሉትን ብር ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ መልኳ ያለበት ብር ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሲታተም ኖረ። ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴና ገበሬ ከ1780ው በቀር አልቀበልም ስላለ ነው። የእኛ ሰው ብሩን ሲቀበል በትከሻዋ ላይ ያለውን የሉል ጌጥ በጣቱ እየዳበሰ ይቆጥር ነበር። ቅርጹ ከተፋቀ፣ እንክብሉ ከጎደለ፣ ይመልሰዋል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ንጽሕናው አልተለወጠም። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ቃል ተቀርጿል። ላቲን የሚያነብ አንድ ገበሬ አልነበረም። ጠርዙ መጻፉ ግን ሌባ ብሩን እየሸረፈ እንዳይሰርቀው ጠብቆታል። ፍትሑ እርሱ ነበር።

የዚህች ሟች ንግሥት ሥልጣን እስከ ምን እንደደረሰ ለማየት 1860 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። እንግሊዝ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦሯን ወደ መቅደላ ስትልክ፣ ዓለምን የገዛችበት የራሷ ንግሥት መልክ ያለበት ገንዘብ በመንገዱ ላይ እህልና አጋሰስ እንደማይገዛላት ተረዳች። ስለዚህ ከቪየና ማርትሬዛ አሠርታ በሣጥን ጭና መጣች። መድፉን በዝሆን ያስጎተተው ጦር ለድርቆሽ ግዢ የእኛን ገበሬ ፈቃድ መለመን ነበረበት።

ኢጣሊያ ትምህርቱን ከዚህ አላገኘችም። «ኮሎኒያ ኤሪትሬያ» በሚል ስም የንጉሧ የኡምቤርቶ መልክ ያለበትን ብር ከ1890 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሳተመች። ሕዝቡ ማርትሬዛውን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማርትሬዛን የሚመስል የሴት መልክ ቀርጻ ሌላ ብር አወጣች። እርሱንም አልተቀበሉትም፤ ጣታቸው ያውቃልና። በመጨረሻ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት፣ የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ተዋውሎ ወስዶ በሮም ያሳትመው ጀመር። በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የመጣ ወራሪ ጨው ለመግዛት የሞተች ንግሥት መልክ አስፈለገው። እንግሊዝም ብዙ ሳትቆይ ለንደን ላይ፣ ኋላም ቦምቤይ ላይ ማርትሬዛ አሳተመች። ሦስት መንግሥታት እየተሽቀዳደሙ ያተሙት የሐበሻ ገበሬ የመረጠውን ገንዘብ ነው።

በአገራችን ያ ብር ከገበያ ያለፈ ሥራ ነበረው። አንጥረኛው እያቀለጠ መስቀልና አልቦ ሠርቶበታል። እናቶች ማንጠልጠያ ቀለበት እያስበየዱበት በአንገታቸው አስረውታል፤ ለሙሽራ ሰጥተውታል፤ ለክፉ ቀን ቀብረውታል። በአዛውንቷ ሳንቲም ጠርዝ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው። ወደዚህ ጠባሳ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

የአንበሳው እግር

ሦስተኛው ሳንቲም የአንድ ወጣት ነው። ሠርቶ በቆጠበው ገንዘብ የገዛው የምኒልክ ብር ነው። ወጣቱ አማርኛ አያውቅም፤ ቁጥራችንን ግን ተምሯል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት በጣቱ እያሳየ አነበበልን። እርሱን ከሁሉ የማረከው የአንበሳው እግር ነው። በአንዳንዱ የምኒልክ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሣው ግራ እግሩን፣ በሌላው ደግሞ ቀኝ እግሩን ነው። ሰብሳቢዎች በዚህ እየለዩ ዘመኑን ይናገራሉ።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙት የመጀመሪያው ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን አለበት። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክና «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ስም፣ በሌላው ወገን «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል ከነአንበሳው ይታያል። ከአክሱም በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በራሱ ፊደል፣ በራሱ ስም ገንዘብ ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኢጣሊያ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ተመርኩዛ ኢትዮጵያን በእጄ ናት በምትልበትና የኡምቤርቶን ብር በምታሠራጭበት ሰዓት፣ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ብሎ በብር ላይ መጻፍ ከደብዳቤ የበለጠ መልስ ነበር። በዚህ ረገድ የምኒልክ ብር ከዓድዋ በፊት የተተኮሰ ጥይት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። ያ ብር ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። ክብደቱ እኩል ነበር፤ ንጽሕናውም ተመሳሳይ ነበር። የመሀል አገሩና የአዲስ አበባው ነዋሪ ሲገለገልበት፣ በሩቅ ያለው ገበሬ ግን «የማውቃትን ስጡኝ» አለ። ዓድዋ ላይ ለምኒልክ ሕይወቱን ሊሰጥ የዘመተ ሰው ገበያ ላይ ብራቸውን መርምሮ መመለስ መብቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ይህ ንጉሥን መናቅ አልነበረም። ፍቅርና መተማመኛ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን አውቆ መለየት ነበር።

ማርትሬዛ በሕግ የተሻረችው ከነጻነት በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ወረቀቱን ብቻ ይዞ መምጣት እንደማያዋጣ መንግሥት ተረድቶት ነበር። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት የ50 ሳንቲም እውነተኛ ብር ወጣ። ሕዝብ ወረቀቱን እንዲያምን መያዣ የተሰጠው ብር ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የንጉሡ መልክ ወረደ፤ 1969 ዓ.ም. በሚል ቀን በወጡት ሳንቲሞች ላይ የአንበሳ ራስ ወጣ፤ በአንዲቷ ሳንቲም ጀርባ ጥንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ተቀረጸ። በ2002 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ደግሞ ሚዛን አለ።

ምልክቱ ሁሉ መልካም ነው። ገበሬው፣ ሚዛኑ፣ አንበሳው። ጥያቄው ግን ያው የአክሱሙ ጥያቄ ነው፤ ለሀገር ደስ ያሰኛል ወይ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እርምጃው ያስፈልግ ነበር፣ አያስፈልግም ነበር እያሉ ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ለእነርሱ እንተወው። የአክሱም ወርቅ እየገረጣ ሲሄድ ገበሬው በእጁ መዝኖ፣ በዓይኑ አይቶ ያውቅ ነበር። አያቱ የማርትሬዛን እንክብል በጣቷ ትቆጥር ነበር። የዛሬው ደመወዝተኛ ግን ወረቀቱን ቢያገላብጠው ምንም ልዩነት አያይበትም። ልዩነቱን የሚያየው ዘይትና ጤፍ ሊገዛ ሲሄድ ነው። መዝኖ የመመለስ መብቱ ከእጁ ወጥቷል። ስለሆነም መንግሥታት በቁጥርና በግልጽ የመናገር ግዴታቸው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል።

ጠባሳው

አሁን ወደ ሁለተኛው ሳንቲም ልመለስ። አዛውንቷ ሴት ጠገራቸውን ካሳዩ በኋላ፣ «ስለ እርሱ የማውቀው ጥቂት ነው። ሻጩ ‹ከኢትዮጵያ› ከማለት በቀር ምንም አልነገረኝም። ይህ ጠርዙ ላይ ያለው እብጠት ምን እንደሆነም አላውቅም» አሉ።

እኔ አውቃለሁ። ከአገር ስወጣ እናቴ የአያቴን የአንገት ጌጥ በሻሽ ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። አምስት ጠገራ ብሮች፣ እያንዳንዳቸው ማንጠልጠያ የተበየደባቸው። «ሲቸግርህ የምትሸጠው አይደለም፤ ሲከፋህ የምታየው ነው» አለችኝ። በስደት በሦስተኛው ዓመቴ ሸጥሁት። አሮጌ ብር የሚገዛው ሰው በሚዛን አስቀመጠው፤ ማንጠልጠያዎቹ ይነቀላሉ ብሎ ከዋጋው ቀነሰ፤ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። «ከአፍሪካ» አልሁት። የአያቴን ስም አልነገርሁትም። መንደሯን አልነገርሁትም። አምስቱ ብሮች ከአባቷ ለሠርጓ የተሰጧት መሆናቸውን አልነገርሁትም። ማንም አልከለከለኝም፤ አፍሬ ነው።

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል ተረት አለን። ስለ ቅርሳችን ስንጽፍ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከዘራፊው ነው፤ መጀመርም ይገባናል። አብዛኛው የመቅደላ ንብረት ገና አልተመለሰም። በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ከብዙ ትግል በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት ሲሰረቅ ዓለም ያያል፤ ጥፍር የምታህል ነሐስ በኪስ ስትወጣ ማን ያያል? በአክሱም ዙሪያ ዝናብ በጣለ ማግሥት ከእርሻው ላይ የሚለቀሙት ሳንቲሞች ለጎብኚ የሚሸጡት በርካሽ ነው። የሸጠውን ልጅ አልወቅስም፤ ተርቦ ይሆናል። እኔም ተርቤ ነበር። የሚያሳዝነው ከሳንቲሟ ጋር የሚጠፋው ነገር ነው። ከየትኛው እርሻ፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ዕቃ ጋር ተገኘች? ይህ ካልተመዘገበ ሳንቲሟ በጥቁር ጨርቅ ላይ ብታምርም አፏ ተዘግቷል።

ተቃራኒውን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በየመን፣ አል ማዳሪባ በተባለ ስፍራ ከ1000 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ተገኙ። አብዛኞቹ የአክሱም፣ የቀሩት የሮም ነበሩ። ክምችቱ ተበትኖ አንድ በአንድ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሳንቲም ቆንጆ ጌጥ ብቻ ይሆን ነበር። አንድ ላይ ሆኖ ስለተጠና ግን የእኛ ወርቅና የሮም ወርቅ በአንድ ከረጢት ጎን ለጎን ይሠራ እንደነበር መሰከረ። ሰብሳቢም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በኦክስፎርድ ይኖሩ የነበሩት ዴንማርካዊው ሐኪም ቤንት ዩል የንሰን የሰበሰቧቸው የአክሱም ሳንቲሞች ዛሬ በአሽሞሊያን ቤተ መዘክር ተመዝግበው፣ ተማሪ ሊያያቸው በሚችልበት ሁኔታ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ቢሆኑ ምኞቴ ነበር። በአንድ ሀብታም ካዝና ውስጥ ከመቅረት ግን ይሻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአገር ቤት ያለው አንባቢ የሚያውቀው አዋጅ አለ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲገለጽ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። አዋጁ ወረቀት ላይ እንዳይቀር መጠየቅ የሁላችን ነው። በውጭ ያለነው ደግሞ ዛሬ ማታ ልንጀምረው የምንችል ሥራ አለን። የእናታችሁን ሣጥን ክፈቱ። ጠገራ ብር፣ የምኒልክ አላድ፣ የጃንሆይ 50 ሳንቲም ይገኝበታል። ፎቶ አንሡት፤ መዝኑት፤ ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ የማን እንደነበረ፣ ከየት መንደር እንደመጣ፣ በምን ምክንያት እንደተሰጠ ጻፉ። እናት በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁ። ልትገዙ የምታስቡም ብትሆኑ አስቀድማችሁ ሻጩን «ከማን? ከየት? መቼ ወጣ?» በሉት። መልስ ከሌለው እጃችሁን ሰብስቡ።

በዚያ ምሽት ተነሥቼ ለአዛውንቷ ሴት ስለ ጠባሳው ነገርኋቸው። ማንጠልጠያ እንደነበረበት፣ አንገት ላይ እንደዋለ፣ ለሙሽራ እንደሚሰጥ፣ የእኔም እንዲህ ያለ እንደነበረኝና እንዴት እንዳጠፋሁት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ እያንዳንዱ ሳንቲም ከሚቀመጥበት ከረጢት ጋር የምትኖረውን ትንሽ ካርድ አወጡ። «ኢትዮጵያ፣ 1780፣ ብር» ከሚለው ሥር እርሳስ ይዘው የነገርኋቸውን መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «የአያትህ ስም እንዴት ይጻፋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የእርሳቸው ብር የአያቴ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ፊደል በፊደል ነገርኋቸው።